የመኪና በር ድምፅ ማፈኛ፦ ላሜራውን ዝም ማሰኘት፣ ውሃውን ማሳለፍ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በትንሽ መኪና የሚመላለስ ሰው መንገዱን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ያውቀዋል። አስፋልቱ ለስላሳ በሆነበት ቦታ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር ድምፁን ሳያነሣ ይጨዋወታል፤ አስፋልቱ ወደ ሻከረበት ወይም ወደ ተጠጋገነበት ሲደርስ ግን ከእግሩ ሥርና ከጎኑ ከባድ ጉምጉምታ ይነሣና ጨዋታው ወደ ጩኸት ይለወጣል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር በሚያስገባ የጠጠር መንገድ ላይ፣ ወይም በከተማው ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ ደግሞ በሩ ራሱ እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳል። በዚህ የተማረሩ ባለመኪናዎች መፍትሔ ብለው የሚያስቡት በጋራዦች ዘንድ "ሳውንድ ፕሩፍ" እየተባለ የሚጠራውን ድምፅ ማፈኛ በበሮቻቸው ውስጥ ማስለጠፍ ነው።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የበሩ የውስጥ ሽፋን ይነቀላል፤ አንድ ገጹ ፎይል፣ ሌላው ገጹ ጥቁር ማጣበቂያ የሆነ ምንጣፍ ይለጠፋል፤ ሽፋኑ ይመለሳል። ነገር ግን ምንጣፉ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ የተሠራ ሥራ ገንዘብ አስወጥቶ ጸጥታ ሳያመጣ ይቀራል፤ ከዚህም የሚብሰው፣ እንደ ጎጃም ክረምቱ በሚጠናበት አገር በሩን ከውስጥ የሚበላ ዝገት ትቶ ሊሄድ መቻሉ ነው። ስለዚህ በዚህ ማብራሪያ ስለ ድምፅ የምለውን ያህል ስለ ውሃም እላለሁ፤ የመኪና በር ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ነውና።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚታይ ልግለጽ። በሩ በሁለት ላሜራዎች መካከል ያለ ባዶ ሳጥን ነው። የውጭው ላሜራ ቀለም የተቀባው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ገጽ ሲሆን ውፍረቱ በተለመዱት ትንንሽ መኪኖች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የውስጡ ላሜራ የመስታወት ማንሻውን፣ መቆለፊያውንና ስፒከሩን የሚሸከም፣ የመካኒክ እጅ የሚያስገቡ ትልልቅ ቀዳዳዎች ያሉበት ነው። በሁለቱ መካከል መስታወቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከውጭው ላሜራ ጀርባ ደግሞ ከጎን ለሚመጣ ግጭት የተዘጋጀ ጠንካራ የብረት አግዳሚ ተዘርግቷል። የውስጡን ላሜራ ቀዳዳዎች ቀጭን ላስቲክ ይሸፍናቸዋል፤ ከላስቲኩ በላይ ክንዳችንን የምናሳርፍበት የፕላስቲክ ወይም የጨርቅ ሽፋን ይመጣል። ይህች ተራ የምትመስል ላስቲክ በበሩ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ እጅግ የተናቀች፣ ነገር ግን እጅግ የምታስፈልግ ናት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

በሩ ለምን ይጮኻል?

አንድ የብረት ትሪ በአንድ እጅ ጠርዙን ይዞ በሌላው እጅ የጣት አንጓ መታ ያደረገ ሰው ትሪው ከመታው በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሲጮኽ ይሰማል። አሁን አንድ ጭብጥ ሊጥ በትሪው ጀርባ መካከል ላይ ጠፍጥፎ ለጥፎ ደግሞ ይምታው፤ ድምፁ "ደብ" ብሎ እዚያው ይቀራል። ሊጡ ትሪውን አልሸፈነውም፤ ከትሪው ስፋት አንድ አራተኛውን እንኳ ላይዝ ይችላል። ድምፁን ያጠፋው ከብረቱ ጋር አብሮ በሚተጣጠፍበት ጊዜ የንዝረቱን ጉልበት እየተቀበለ በውስጡ ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ነው። ሙቀቱ በእጅ የማይታወቅ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ለትሪው ጩኸት የሚሆነው ጉልበት በዚያው ያልቃል።

በጣና ገዳማት የሚገኙት የድንጋይ ደወሎችም ይህንኑ በተቃራኒው ያሳያሉ። ድንጋዩ በገመድ ተንጠልጥሎ እንደ ልቡ መንዘር እንዲችል ስለተደረገ ሲመታ ረጅም፣ የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ ያው ድንጋይ መሬት ላይ ቢጋደም ወይም በመዳፍ ቢያዝ ደንቆሮ ይሆናል። የበሩ የውጭ ላሜራም ዙሪያውን የተያዘ፣ መካከሉ ግን ለመንዘር ነጻ የሆነ ሰፊና ቀጭን ብረት ነው። ጎማው በመንገዱ ላይ ሲንከባለል የሚፈጥረው ንዝረት ጎማውን ከመኪናው ጋር በሚያገናኙት ሞላዎችና በሻሲው አልፎ፣ ነፋሱና የጎማው ድምፅም በአየር ውስጥ አልፎ ይደርሰዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከላሜራው የራሱ ንዝረት ጋር የሚገጥመውን ላሜራው ተቀብሎ ያጎላዋል፤ ይህ ወደ ጆሯችን የሚመጣው ከባድ ጉምጉምታ ነው።

የዛሬው ድምፅ ማፈኛ የቆመበት እውቀት ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኦበርስት እ.ኤ.አ. በ1952 በቀጭን ላሜራ ላይ የተለጠፈ ንብርብር የብረቱን ንዝረት እንዴት እንደሚያረግብ በስሌት አሳየ፤ እስከ ዛሬም የእነዚህ ምንጣፎች የማርገብ ችሎታ የሚለካበት አንዱ የላቦራቶሪ ዘዴ በእርሱ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ከርዊን ለስላሳው ንብርብር በላዩ ሌላ ጠንካራ ቆዳ ቢደረብበት ምን እንደሚሆን አብራራ። ለስላሳው ነገር ብቻውን ሲለጠፍ ከላሜራው ጋር እንዲሁ ይተጣጠፋል፤ በላዩ ቀጭን አልሙኒየም ሲኖር ግን ከታች ብረቱ፣ ከላይ አልሙኒየሙ ይይዙትና በመካከላቸው ወደ ጎን ይሸራተታል፣ ይለጠጣል። ጉልበት የሚበላው ይህ መለጠጥ ነው። እንግዲህ በምንጣፉ ላይ ያለው ፎይል ለማማር ወይም ሙቀት ለመመለስ የተደረገ አይደለም፤ የሥራው ግማሽ አካል ነው። ፎይሉ እንደ ወረቀት ሳስቶ በጥፍር የሚቀደድ ከሆነ ሥራውን በሚገባ አይሠራም፤ ሲገዙ ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ፎይሉንም በጣት መርምሮ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስት ሥራዎች እንጂ አንድ ሥራ አይደለም

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ንዝረት ማርገብ አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ መምጠጥ ሌላ ነው፤ ድምፅ ማገድ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ከላይ የተገለጸው ባለ ፎይል ምንጣፍ፣ ጥቁሩ ማጣበቂያ ቡቲል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ስለሚሠራ ከዚህ በኋላ ቡቲል የምለው፣ የሚሠራው የመጀመሪያውን ነው። ላሜራው እንዳይጮኽ ያደርጋል እንጂ በአየር የመጣን ድምፅ እንደ ግድግዳ አያቆምም። መምጠጥ የስፖንጅና የፎም ሥራ ነው፤ ድምፁ በውስጣቸው ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ሲመላለስ ይዳከማል፤ ይህም በተለይ ለነፋስ ፉጨትና ለመሰሉት ቀጫጭን ድምፆች ይረዳል እንጂ ለጉምጉምታ ብዙ አይፈይድም። ማገድ ግን ክብደት ይጠይቃል፤ ሕጉም ጨካኝ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ክብደት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚያልፈው ድምፅ የሚቀንሰው ቢበዛ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ነው።

ይህን በበራችን ላይ እንቁጠረው። የ0.7 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የ2 ሚሊ ሜትር ቡቲል በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል ነው። የላሜራውን ክብደት እጥፍ ለማድረግ እንግዲህ ላሜራውን በሙሉ በሁለት ድርብ ያህል መሸፈን ያስፈልጋል፤ በሩም በማጠፊያው ላይ ተጨማሪ ጫና ያሳድራል፤ ላረጀ መኪና ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለማርገብ ሥራ ግን፣ እንደ ሊጡ፣ የላሜራውን መካከል ከሩብ እስከ ግማሽ መሸፈን ከበቂ በላይ ነው። አንድ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር በሆነ የውጭ ላሜራ ላይ ግማሹን መሸፈን ማለት 0.3 ካሬ ሜትር፣ በክብደትም ከ1 ኪሎ ያነሰ ነው። አራቱም በሮች በአንድ ካሬ ሜትር ከሩብ ገደማ ያልቃሉ። ከዚያ በላይ የሚለጠፈው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያስገኘው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል። "መቶ በመቶ ካልተሸፈነ አይሠራም" የሚለው ምክር የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የድምፅ መጠን እንደ ጤፍ በቁና አይደመርም። ለምሳሌ ከወለሉ 70 ዴሲቤል፣ ከአራቱ በሮች ደግሞ ሌላ 70 ዴሲቤል ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል እንበል። ድምሩ 140 ሳይሆን 73 ነው። እንግዲህ በሮቹን ፍጹም ዝም ብናሰኛቸው እንኳ የወለሉ 70 እንዳለ ይቀራል፤ ያተረፍነው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ እርሱንም ጆሮ ልብ ብሎ ካልሰማ አይለየውም። ድምፁ በግማሽ እንደ ቀነሰ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ መቀነስ አለበት። ይህን የምጽፈው ሰውን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ በሩ ከተሠራ በኋላ "ምንም አልተለወጠም" ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከበሩ ያልነበረ ስለሆነ ነው። በትንንሽ መኪኖች የጎማው ጉምጉምታ በብዛት የሚገባው ከወለሉና ከጎማው ጉድጓድ በኩል ነው። በሩ በእርግጥ የሚያሻሽለው የላሜራውን ንዝረት፣ በውስጡ የሚንኳኩትን ዕቃዎች፣ ሲዘጋ የሚያሰማውን የጣሳ ድምፅና የስፒከሩን ጥራት ነው።

ስለዚህ ምንም ከመግዛት በፊት ምንጩን መፈለግ ይገባል። የበሩ ዙሪያ ጎማ ደርቆ ወይም ተጨፍልቆ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ወረቀት በበሩና በፍሬሙ መካከል አድርጎ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ ነው፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ሾልኮ ከወጣ በዚያ ቦታ ነፋስም፣ አቧራም፣ ድምፅም ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የበሮቹን ክፍተት ከውጭ በወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ዘወትር በሚሄዱበት መንገድ በዚያው ፍጥነት መንዳት ነው። ፉጨቱ ከጠፋ መድኃኒቱ አዲስ የበር ጎማ እንጂ ቡቲል አይደለም፤ በዋጋም በድካምም ይቀላል። ፕላስተሩ ምንም ካልለወጠ፣ ሌላ ሰው እየነዳ ከጎን የተቀመጠው መዳፉን በበሩ ሽፋን ላይ አጥብቆ ይጫን። ጩኸቱ ሲጫኑት ጸጥ፣ ሲለቁት መለስ የሚል ከሆነ በሩ ነው፤ ያኔ ሥራው ዋጋ አለው።

ስለ ጣሪያ ሬንጅ

ቡቲል በሚወደድበት ጊዜ ለቤት ጣሪያ ውሃ መከላከያ የሚሸጠው ባለ ፎይል የሬንጅ ምንጣፍ እንደ ምትክ ይቀርባል። ከውጭ ሲታይ ልዩነቱ አይለይም፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ፎይል አላቸው። እኔም በደብረ ማርቆስ ይህንኑ አስለጥፌ ነበር፤ የሆነውን ስለማውቀው እነግራለሁ።

ሬንጅ በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ የጠዋቱ ብርድ ምንጣፉን እንደ ካርቶን ስላደረቀው በላሜራው ጥምዝ ላይ በደንብ ሳይቀመጥ ቀረ። በሚያዝያ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ መንገዱ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ መኪናው በሬንጅ ሽታ ተሞላ። ሽታው ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው የሚታገሡት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሽታው ቀለል ስላለልኝ ነገሩን ተውኩት። በሐምሌ ግን መኪናውን ባቆምኩና በተነሣሁ ቁጥር ከበሩ ውስጥ የውሃ መንቦጫረቅ እሰማ ጀመር። ሽፋኑን የከፈተው ወጣት መካኒክ እጁን ወደ በሩ ግርጌ ከትቶ የለሰለሰ ጥቁር ነገር አውጥቶ አሳየኝና "ጋሼ፣ ውሃው መውጫ አጥቶ ነው እኮ" አለኝ። የተላቀቀው ሬንጅ ተንሸራትቶ ወርዶ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸው ነበር። በሩ በስፌቱ ላይ ዝገት ጀምሮት ስለነበር ግርጌውን አስቆርጬ ማስበየድ ግድ ሆነብኝ፤ ያወጣሁት ገንዘብ በመጀመሪያ ቡቲል ብገዛ ከሚያስወጣኝ በላይ ሆነ።

ቡቲል በብርድም አይሰነጠቅም፤ ጥቁር ቀለም ያለው በር ፀሐይ ላይ ቆሞ እጅ በማያስነካበት ጊዜም አይፈስም። ሬንጅና ቡቲልን ለመለየት ጫፉን ቆርሶ በጣት ማሸት ነው፤ ቡቲሉ እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ ሽታውም እምብዛም ነው፤ ሬንጁ ግን የመንገድ ሥራ ሽታ አለው፣ ሲጎትቱትም ይቆረጣል።

ሥራው

በአንድ በር ይጀመር። አራቱን ሽፋኖች በአንድ ጊዜ መንቀል ብሎኖችንና ክሊፖችን ማደባለቅ ነው፤ በሌላ በኩል ያልተነካው በር ለመመለሻ ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል። ጊዜው ቀትር ቢሆን ይመረጣል፤ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ብርዳም ጠዋት ማጣበቂያው ላሜራውን አጥብቆ አይይዝም። የግድ በብርድ የሚሠራ ከሆነ ምንጣፉንና ላሜራውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ይቻላል።

ሽፋኑ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታና ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቅ። ምክንያቱ ኤርባግ ነው። የአንዳንድ መኪኖች የጎን ኤርባግ ግጭትን የሚያውቀው በበሩ ባዶ ሆድ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት በሚለካ መሣሪያ ነው፤ የውጭው ላሜራ ሲጨፈለቅ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ስለሚታመቅ መሣሪያው በዚያ ይነቃል። ስለዚህ በበሩ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ፋብሪካው ክፍት የተወውን መዝጋት፣ ወይም የዘጋውን ክፍት መተው ያንን ግፊት ይለውጠዋል። ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ በታየበት በር ላይ ሶኬቱን አለመንካት፣ መሣሪያውን በምንም አለመሸፈን፣ ቀዳዳዎቹንም እንደነበሩ መመለስ ግድ ነው። ለጥቂት ጸጥታ የሕይወት መከላከያ አይደፈርም።

ሽፋኑን የያዙት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ በእጀታው ጀርባና በመክፈቻው ሥር በትንሽ ክዳን ተደብቀዋል፤ እነርሱ በካቻቢቴ ከተፈቱ በኋላ ዙሪያው በክሊፕ ብቻ ይቀራል። ክሊፖቹ በብረት ካቻቢቴ ከተጎረጎሩ ይሰበራሉ፣ ቀለሙም ይፋቃል፤ የፕላስቲክ መንቀያ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሻላል። ሽፋኑ ሲላቀቅ ወዲያው መጎተት አይገባም፤ ከጀርባው የመስታወት ማንሻው ሶኬትና የመክፈቻው ገመድ አሉ። ከዚያ ላስቲኩ ይመጣል። ላስቲኩ የተጣበቀበት ጥቁር ገመድ መሰል ማጣበቂያ ራሱም ቡቲል ነው፤ በቀስታ በከተር እየለቀቁ ሳይቀደድ ሊነሣ ይችላል፤ አቧራ እንዳይነካው ተገልብጦ ንጹሕ ቦታ ይቀመጥ።

አሁን የውጭው ላሜራ ጀርባ ይታያል። እዚያ የሚጠብቀን የዓመታት የጎጃም አቧራና የደረቀ ቀይ ጭቃ ነው። ሥራው ሁሉ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአቧራ ላይ የተለጠፈ ምንጣፍ የተጣበቀው ከአቧራው ጋር እንጂ ከብረቱ ጋር አይደለም። በመጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ሲደርቅም በአልኮል ደጋግሞ መጥረግ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ማጽዳት ነው። ዝገት ከታየ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባና ይድረቅ፤ በዝገት ላይ መለጠፍ ዝገቱን ከዓይን መሸሸግ ብቻ ነው።

ምንጣፉ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ የሚገባ በመሆኑ በትልቁ ሳይሆን በደብተር ገጽ ልክ ተቆራርጦ ቢለጠፍ ይቀላል። ፎይሉ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ጓንት ያስፈልጋል። ከላሜራው ሰፊ መካከል ይጀመራል፤ በጣት አንጓ እየመቱ ባዶ ጣሳ የሚመስለውን ቦታ መፈለግ፣ ለጥፎም ደግሞ መምታት ነው። ድምፁ ደብ ካለ ያ ቦታ በቅቶታል፤ ወደ ሌላው ይታለፋል። የተለጠፈው ሁሉ በትንሽ ሮለር በብርቱ ይዳመጥ። በብዙዎቹ ፎይሎች ላይ የጎበጠ ቅርጽ ታትሟል፤ ቅርጹ ተጨፍልቆ እስኪጠፋ ድረስ መዳመጥ አለበት። ከሥሩ አየር የቀረበት ምንጣፍ ንዝረት አይቀበልም፤ ያ አየር ያለበት ቦታ ውሃም ይቋጥራል።

በየቁራጩ መካከል መስታወቱ እስከ ታች የሚወርድበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ መስታወቱ ከላሜራው የሚርቀው በጥቂቱ ነውና ወፍራም ነገር አይችልም። የመቆለፊያው ዘንጎችና ገመዶች በሚንቀሳቀሱበት ቦታ ምንም አይለጠፍም። ይልቁንም ዘንጎቹ ላሜራውን የሚነኩበትን ቦታ በጨርቃማ ፕላስተር መጠቅለል ይጠቅማል፤ በኮብልስቶን ላይ የሚሰማው ቅጭልጭልታ ብዙ ጊዜ የእነዚህ ዘንጎች ነው፤ በጥቂት ፕላስተር ዝም ይላሉ።

የውስጡን ላሜራ በተመለከተ ባለሙያዎች ይለያያሉ። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ሁሉ በቡቲል ደፍኖ ላስቲኩን መጣል የተለመደ ሲሆን ለስፒከሩ በእርግጥ ይበጀዋል። ስፒከር በአንድ ጊዜ ከፊቱና ከጀርባው እርስ በርሱ ተቃራኒ የሆነ ድምፅ ያወጣል፤ በሩ ክፍት ከሆነ ሁለቱ ተገናኝተው በተለይ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋፋሉ። የማሲንቆ ቆዳ አንድ ጎኑ ከተቀደደ ድምፁ እንደሚከስል ሁሉ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ ስፒከርም እንዲሁ ነው። ሆኖም የመስታወት ማንሻ ሞተሮች በአቧራ ምክንያት በየጊዜው የሚበላሹ ስለሆነ መካኒኩ ነገ ሊገባበት የሚገባውን በር በቡቲል መድፈን አልመክርም። ለስፒከሩ ዙሪያና ለትንንሾቹ ቀዳዳዎች ቡቲል ይለጠፍ፤ ትልልቆቹን የሚሸፍነው ላስቲኩ ሆኖ ይቅር። የግፊት መለኪያ ባለበት በር ላይ ግን ትንንሾቹም ፋብሪካው እንደተዋቸው ይቆዩ። ከላስቲኩ በላይ፣ በሽፋኑ ጀርባ፣ ውሃ የማይጠጣ የ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቢደረግ ሽፋኑ ከላሜራው ጋር እንዳይንኳኳ ያደርገዋል። የፍራሽ ስፖንጅ፣ የተረፈ ጨርቅ ወይም የሱፍ ንጣፍ ግን በበሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ውሃ ጠጥተው ለወራት ይይዙታል።

ውሃው

ዝናብ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ በመስታወቱ ጠርዝ ያለው ጎማ ሁሉንም አያስቀረውም፤ እንዲያስቀረውም አልተሠራም። ወደ በሩ ውስጥ ይገባል፣ በውጭው ላሜራ ጀርባና በመስታወቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ግርጌው ይወርዳል፣ በግርጌው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ከመንገዱ የሚነሣው ውሃ ቢረጭም የላስቲኩ የታችኛው ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ ታጥፎ ስለሚገባ የሚነካውን ጠብታ ሁሉ ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል። ላስቲኩ በስህተት ከውስጡ ላሜራ ውጪ ተንጠልጥሎ ከተለጠፈ ውሃው በሽፋኑ ሥር ወደ መኪናው ወለል ይፈስሳል፤ በመኪናው የወለል ምንጣፍ ሥር ያለ እርጥበትና የሻገተ ሽታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ በሚመለስበት ጊዜ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ መግባቱን በዓይን አይቶ፣ የጥቁሩ ገመድ ማጣበቂያ አዲስ ተጨምሮበት ዙሪያውን በጣት መጫን ነው። ከተቀደደ በወፍራም አዲስ ላስቲክ፣ አሮጌውን እንደ ልክ አድርጎ ቆርጦ መተካት ይቻላል።

ምንጣፉም ከበሩ ግርጌ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። የግርጌው እጥፋት ሁለቱ ላሜራዎች የሚገናኙበት ስፌት ስለሆነ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ እርሱ ምንም ሳይሸፈንበት ውሃውን ወደ ቀዳዳዎቹ መንዳት አለበት። ቀዳዳዎቹን ከታች ጎንበስ ብሎ መፈለግና በቀጭን ሽቦ መክፈት የሥራው አካል ነው፤ በጭቃ መንገድ የሚሄድ መኪና ከሆነ ብዙውን ጊዜ ግማሾቹ ቀድሞም ተደፍነው ይገኛሉ።

ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል። መስታወቱ ተዘግቶ ሁለት ሊትር ውሃ በማንቆርቆሪያ በመስታወቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይፍሰስ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ይመልከት። ውሃው ጥቂት ቆይቶ ከየቀዳዳው በቀጭኑ መውረድ አለበት። ከአንደኛው ቀዳዳ ወጥቶ ከሌላው ካልወጣ፣ ወይም በላስቲኩ ላይ ጠብታ ከታየ፣ ክሊፖቹ ከመጫናቸው በፊት ያ ቦታ ይታይ። ከሁሉም ቀዳዳ ሲወርድ ሽፋኑ ይመለሳል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይታሰራል፣ መስታወቱና መቆለፊያው ይሞከራሉ፤ በሩም ሲዘጋ ድምፁ ደብ ይላል። ይህ የውሃ ፈተና በየዓመቱ በሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ ከመጽናቱ በፊት፣ ሽፋኑን ሳይነቅሉ ሊደገም ይችላል።